የእንጨት ክንፍ የሠራው ልጅ

ዛሬ ታሪኩን ይዤላችሁ የቀረብኩት ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ነው። መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ያሳየው ሰውዬ ማለት ነው። እኔ ግን ብዙ የምነግራችሁ ስለ መብረቁ ሳይሆን፣ ልጅ ሆኖ እንደ ዓሣ ለመዋኘት ስላደረገው ሙከራ ነው።

ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1706 ቦስተን በምትባል የአሜሪካ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ይሠሩ ነበር። ልጆቻቸው ደግሞ 17 ናቸው! ስለዚህ እሱ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱን ማገዝ ጀመረ።

ልጁ ውሃ ይወዳል። ቶሎ ቶሎ ለመዋኘት ብሎ ከእንጨት ሁለት ስስ መቅዘፊያዎች ሠራ። ቅርጻቸው እንቁላል ይመስላል፤ ርዝመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በማስመሪያ ለክቼ ሳየው ከደብተሬ ትንሽ ይረዝማል። አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳም አላቸው። እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ በጠርዛቸው ውሃውን ይሰነጥቃል፣ ወደ ኋላ ሲስብ ደግሞ በሰፊው ጎናቸው ይገፋዋል።

እውነትም ፈጠነ። ግን የእጁ አንጓ በጣም ደከመው! ፍጥነቱን ያገኘው ብዙ ጉልበት ከፍሎ ነው። ከዚያ እግሩ ሥር እንደ ሰንደል ጫማ ያለ እንጨት አሰረ። እሱም አላረካውም፤ ምክንያቱም ዋናተኛ ውሃውን የሚገፋው በውስጥ እግሩና በቁርጭምጭሚቱም እንጂ በመርገጫው ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለ። የገረመኝ ነገር፣ አርጅቶ በዓለም ከታወቀ በኋላ ይሄንን ያልተሳካ ሙከራውን ለወዳጁ በደብዳቤ መጻፉ ነው። እኔ ብሆን እደብቀው ነበር።

እንጨት አይተጣጠፍም። የዓሣ ጅራት ግን ሲወዛወዝ ጫፉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ውሃውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገፋዋል፣ ዓሣውም ወደ ፊት ይሄዳል። በጣም ከለሰለሰ ደሞ መግፋት ያቅተዋል። ልኩን ማግኘት ነው ከባዱ። የላስቲኩን የዋና ክንፍ ሉዊ ደ ኮርልዩ የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን የፈጠራ መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ፍራንክሊን ከሞተ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ!

ፍራንክሊን በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ማተሚያ ቤት ጠፍቶ ፊላዴልፊያ ገባ። ለንደን ሄዶም በቴምዝ ወንዝ ላይ ረጅም ርቀት ዋኝቶ ሰዎችን አስደነቀ፤ ሁለት ጓደኞቹንም ዋና አስተማረ። ከዚያ አታሚ፣ ጸሐፊ፣ ሳይንቲስት፣ ዲፕሎማት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1776 የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 በ84 ዓመቱ አረፈ።

እኔም ሙከራውን ልሞክር አልኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ በክረምት ሰው ይወስዳል፣ እናቴም አትፈቅድም። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ መጀመሪያ የእንጨት ማስመሪያዬን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ፤ ውሃው ወደ ጎን እየተረጨ ቤቱን አረጠበው። ቀጥሎ የደብተር ላስቲክ ሽፋን አጣጥፌ ሞከርኩ። ይሄኛው ውሃውን ወደ ኋላ ላከው፤ እጄም ብዙ አልደከመም። ሳፋውን ግን ልብስ ሊታጠብበት ስለተፈለገ ተቀማሁ።