ከአንቀጽ 17 እስከ ሁለተኛው ሲም፦ ምኒልክና ኩባንያዎቹ

ወዳጆቻችን፣ አዲስ አፕ ስትጭኑ ያ መዓት ጽሑፍ ብቅ ይላል አይደል? ማን ያነበዋል! አውራ ጣት ወደ ታች ይወርድና ‹እስማማለሁ› የምትለዋን ነክቶ ይገላገላል። በታሪካችን ውድ ዋጋ ያስከፈለችው ‹እስማማለሁ› ግን ስልክ ላይ የተነካች አይደለችም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመች ናት።

ፈራሚው አፄ ምኒልክ ናቸው። ዛሬ የሳቸውን ሕይወት እናወራለን። የጦሩንና የዘውዱን ነገር ትምህርት ቤት ጠግባችሁታል፤ እኛ የምናየው ከኩባንያዎች ጋር የነበራቸውን ጣጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ወይስ ሳፋሪኮም፣ የውጭ ባንክ ይግባ አይግባ እያልን ኮሜንት ላይ የምንፋጭበት ጨዋታ፣ የመጀመሪያው ዙር የተካሄደው በሳቸው ዘመን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ሸዋ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀች፤ የ11 ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ተወሰደ። 10 ዓመት ገደማ በቴዎድሮስ ቤት ኖሩ፣ መጨረሻውም መቅደላ ላይ ነበር። ምርኮ ይባል እንጂ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ድረውላቸዋል።

እዚያ ቤት ያዩት ነገር አለ። ቴዎድሮስ ለቴክኖሎጂ ሟች ነበሩ። ግን እጃቸው የገባውን ፈረንጅ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠራላቸው ያስገድዱ ነበር። ኋላ ላይ አውሮፓውያኑን አሰሩ፣ እንግሊዝ ጦር ላከች፣ ነገሩ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አለቀ። ምኒልክ ከዚያ ቀድመው፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ላይ ነግሠዋል። እንደኛ አስተያየት፣ ከአሳዳጊያቸው የቴክኖሎጂውን ፍቅር ወረሱ፣ ዘዴውን ግን ጣሉት። ባለሙያውን አላሰሩም፤ ሻጮቹን እርስ በርስ አፎካከሩ።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሸዋ ደረሰ። ስዊዘርላንድ ባሕር የላት፣ ቅኝ ግዛት የላት፤ መሐንዲሷን ተከትሎ የጦር መርከብ አይመጣም። ኢልግ ድልድይ ሠራ፣ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አወረደ፣ ቆይቶም የንጉሡ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነ። የዛሬ ሰው ቢያየው የቴክኖሎጂም የዲፕሎማሲም ኃላፊ ይለው ነበር፤ ያውም በአንድ ደመወዝ።

ከቁስቋም ቀና ብሎ እንጦጦን ለሚያይ ሰው የዚያን ዘመን ትልቁ ‹ኢምፖርት› ፊት ለፊቱ ቆሟል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ግን ወደ ፍል ውሃ እየወረደና እየሰፋ ሲሄድ በዙሪያው ያለው ደን ተጨፍጭፎ አለቀ። ማገዶ ጠፋ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። መፍትሔው ከአውስትራሊያ መጣ፦ ባሕር ዛፍ። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባን ከመሰደድ ያዳነው እሱ ነው። የአጠቃቀም ደንቡ ግን ታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ያህል ዘግይቶ ነው የተነበበው፦ ውሃውን ይመጠዋል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። በቁስቋም ቁልቁለት ስንት እናት ለስንት ዓመት ጀርባዋ እስኪጎብጥ የተሸከመችው እንጨት የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ወደ ውጫሌ እንመለስ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመገናኘት ሲፈልጉ በጣልያን በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይናገራል። የጣልያንኛው ቅጂ ይህንኑ ግዴታ አደረገው። በሌላ አነጋገር፣ ኢትዮጵያ የራሷ አካውንት የላትም፣ በጣልያን አካውንት ትግባ ማለት ነው። ምኒልክ ይህንን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ ሲጽፉና በጣልያን በኩል ይምጡ የሚል ይዘት ያለው መልስ ሲመለስላቸው ነው።

ከዚያ ያደረጉትን ልብ በሉ። በአንዴ አልተኮሱም። ከፈረንሳይም ከሩሲያም መሣሪያ አሰባሰቡ፣ ከጣልያን የወሰዱትን ብድር ከፈሉ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አሳወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ ከፊሉ ጣልያን ራሷ በወዳጅነት ጊዜ ያስገባችው ነበር። ከዓድዋ በኋላ ደግሞ የአስመራና የአዲስ አበባን የቴሌግራፍ መስመር የዘረጉት ጣልያኖች ናቸው። በጦር ያልተገባበት ቤት በኮንትራክተርነት ተገባበት። ሁለተኛው መንገድ ለሁላችንም ይሻላል።

ከአንቀጽ 17 በኋላ ምኒልክ ውል አልበላቸውም ማለት ግን አይደለም። ባቡሩን እንይ። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ የሚፎካከረው መስመር ሌላ ኩባንያ እንዳይሠራም ዋስትና ተጨመረበት። ኩባንያው ፓሪስ ላይ ተቋቋመ፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፣ ወዲያው ብር አጠረው። የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠና በ1894 ዓ.ም. ድጎማ እሰጣለሁ፣ ቁጥጥሩም የኔ ይሁን ብሎ ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። የመሬቱ ባለቤት ምኒልክ አልተጠየቁም። ከግል ድርጅት ጋር ተስማምተው ሳለ አንድ ቀን ሲነቁ ኩባንያው የሌላ አገር መንግሥት ሆኖ ጠበቃቸው።

ተናደዱ፣ ቀጣዩንም ሥራ አገዱ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ስምምነት ተፈራረሙ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለንጉሡ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊያን ተሰጠና አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ። 784 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 20 ዓመት። የሐዲዱ ፍጥነት የተወሰነው በተራራው ብቻ አልነበረም፤ አብዛኛው መዘግየት ከወረቀቱ የመጣ ነው።

ባንኩም ያው ነው። በ1897 ዓ.ም. በተፈረመ ውል መሠረት የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ባለቤቱ በእንግሊዝ ተጽዕኖ ሥር የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነው። ለ50 ዓመት ሌላ ባንክ አይቋቋምም የሚል ቃል ተሰጥቶታል። ተፎካካሪ የሌለው ባንክ ለማን ይቸኩላል? በዋናነት ያገለገለው የውጭ ነጋዴዎችን ነበር። መንግሥት 50 ዓመቱን አልጠበቀም፤ በ1923 ዓ.ም. ገዝቶ ዘጋውና የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። በ1988 ዓ.ም. የተመሠረተው የዛሬው አቢሲኒያ ባንክ ስሙን ነው የያዘው፤ ደግነቱ ውሉ አብሮ አልመጣም።

እግረ መንገዳችንን፦ ምኒልክ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አዘው፣ መብራት እንደሌለ ሲያውቁ ዙፋን አደረጉት የምትለዋን ፖስት በየጊዜው ሼር የምታደርጉ ወዳጆች አላችሁ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ማስረጃ ግን የለውም። የቧንቧውን፣ የሐዲዱንና የባንኩን ውል ሲከራከር የኖረን ሰው እንዲህ ባለ ተረት ማስታወስ ትንሽ ነውር ይመስለናል።

ሌላውን ገጽም አንደብቅም። ስልኩና ቴሌግራፉ መጀመሪያ የተዘረጉት እናንተ ቲክቶክ እንድታዩ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ከገዥዎቹ ጋር እንዲገናኝ፣ በጦር የገበሩት የደቡብና የምሥራቅ አገሮችም በቅርብ እንዲጠበቁ ነው። ለአንዱ እምዬ የሆኑት ንጉሥ በሌላው ዘንድ በሌላ ስም የሚታወሱት ለዚህ ነው። ቴክኖሎጂ ሲገባ ማን ሊጠቀምበት፣ ማን ሊጠበቅበት ነው ብሎ መጠየቅ ያኔም ተገቢ ነበር፣ አሁንም ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፣ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ንጉሡ ግን ሕመም እየደጋገመ ጣላቸውና መናገር እስኪያቅታቸው ደረሱ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸውም ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ቆየ።

አሁን ወደ ኪሳችን። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው በ1880ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረው ከምኒልክ የሐረር የስልክ መስመር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ብቻውን ኖሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ያለበት ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ። ታወር የሚከራየው ደግሞ ከማን መሰላችሁ? ከተፎካካሪው። ሱቅ ከፍተህ መደርደሪያውን ከጎረቤት ባለሱቅ እንደመከራየት ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም፤ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉግል በፍለጋ ገበያው ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ ጠብቋል ብሎ ወስኗል።

ስለዚህ ቀጣዩ ትልቅ ኩባንያ ሲመጣ ፌስቡክ ላይ የባንዲራ ጭቅጭቅ አይበቃም። የውጭ ነው ብሎ መራገምም፣ ሥልጣኔ መጣ ብሎ ማጨብጨብም ቀላል ነው። ከምኒልክ ሕይወት የምንወስደው ጥያቄ ሦስት ነው፦ ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ሌላ ተፎካካሪ እንዳይገባ ይከለክላል? ባለቤትነቱ ለሌላ ሲተላለፍ እኛ እንጠየቃለን? ምኒልክ ሻጮቹን ሲያፎካክሩ አሸንፈዋል፤ ለአንዱ ብቻ ሲፈርሙ ግን ባቡራቸውን ሳያዩ ዐረፉ።

የናንተ ስልክ ላይ ሁለት ሲም አለ ወይስ አንድ? ምክንያታችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።