ኡፋ ፎክስ፤ ክብደትን የተዋጋ ጀልባ ሠሪ

ጠንካራ ነገር ከባድ ነው፣ ቀላል ነገርም ደካማ ነው የሚለው እምነት በግንባታ ሙያ ውስጥ ሥር ሰዶ የኖረ ነው። ይህን እምነት በቃል ክርክር ሳይሆን በባሕር ላይ በተፈተነ ሥራ ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የጀልባ ነዳፊና ሠሪ ኡፋ ፎክስ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ሰዎች በተሳቢ ላይ ጭነው፣ በቤት አውቶሞቢል እየጎተቱ ወደ ባሕርና ወደ ሐይቅ የሚወስዷት ፈጣን ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ያላትን ቅርጽ ያገኘችው ለብዙው ከእርሱ ሥራ ተነሥታ ነው።

ፎክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ፣ በዋይት ደሴት፣ የጀልባ እሽቅድምድም ማዕከል በሆነችው በካውዝ ተወለደ። በወጣትነቱ በአካባቢው በሚገኘው በሶንደርስ የጀልባ ፋብሪካ ገብቶ ለሰባት ዓመት በተለማማጅነት ሠራ። ፋብሪካው በሞተር የሚሮጡ ፈጣን ጀልባዎችንና በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ይሠራ ነበር። ስስ የእንጨት ንጣፎችን ደራርቦ በመዳብ ሽቦ በመስፋት ቀላልና ብርቱ ቀፎ የማውጣት ዘዴውም የታወቀ ነበር። ወጣቱ አናጢ በዚያ ቤት ሁለት ነገር ቀሰመ፤ አንደኛው እንጨት በብልሃት ከተደራረበ ውፍረት ሳይጨምር እንደሚበረታ፣ ሁለተኛው ደግሞ በቂ ፍጥነት ያገኘ ቀፎ ከውሃው ውስጥ ወጥቶ በውሃው ላይ ሊንሸራተት እንደሚችል ነው። ቆይቶም ከአገልግሎት የወጣ የወንዝ ማሻገሪያ ጀልባ ገዝቶ የራሱ ወርክሾፕ አደረገው።

በዚያን ዘመን የባለ ሸራ ጀልባ ነዳፊዎች በአንድ የተፈጥሮ ወሰን ታጥረው ነበር። ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ ራሷ የምታስነሣው ማዕበል ይይዛታል፤ ፍጥነቷም በውሃው ላይ በሚያርፈው ርዝመቷ ይወሰናል። በተለመደው ስሌት መሠረት 14 ጫማ፣ ማለትም 4.3 ሜትር ያህል ርዝመት ላላት ጀልባ ወሰኑ 5 ኖት ወይም በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ለማለፍ ጀልባዋ ውሃውን መክፈል ትታ በላዩ ላይ መንሸራተት አለባት። ለሞተር ጀልባ ይህ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ጉልበት መጨመር ይበቃ ነበር። የነፋስን ጉልበት ግን እንደ ልብ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ቅርጽን ማስተካከልና ክብደትን መቀነስ ነበር።

ፎክስ በ1928 «አቬንጀር» የተባለችውን ባለ 14 ጫማ ጀልባ ሠራ። ፊቷ ሞገዱን የሚሰነጥቅ ሹል፣ ኋላዋ ደግሞ ውሃው ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ነበር። በዚያ ዓመት በ57 ውድድሮች ተሰልፋ በ52ቱ አንደኛ፣ በ2ቱ ሁለተኛ፣ በ3ቱ ሦስተኛ ወጣች። ይሁንና ቀላል ቀፎ ለተረጋጋ ውሃ እንጂ ለባሕር አይሆንም የሚለው ጥርጣሬ በውድድር ብቻ የሚጠፋ አልነበረም። ፎክስም ይህችኑ ክፍት ጀልባ ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝ ቻናል አሻግሮ ወደ ፈረንሳዩ ሌ ሃቭር ወሰዳት፤ በባሕርም መልሶ አመጣት። ያወቀውንም ለራሱ ብቻ አልያዘም፤ ከ1934 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት የራሱንና የሌሎችን ነዳፊዎች ጀልባዎች ሥዕልና አሠራር ለሙያው ሰዎችና ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው ለሚሠሩ ሁሉ ዘረጋ።

ይህ ሁሉ የባለጠጎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ለዚህ ዕውቀት ሌላ ሚዛን አመጣ። አውሮፕላናቸው ተመትቶ ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎች በጎማ ጀልባ ተንሳፈው በብርድ ያልቁ ነበር፤ መርከብ ፈጥኖ የማይደርስባቸው ብዙ ነበሩ። ፎክስ በአውሮፕላን ሆድ ሥር ተንጠልጥላ በፓራሹት የምትወርድ የነፍስ አድን ጀልባ ነደፈ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ጀልባዋ ከባድ ብትሆን አውሮፕላኑ አይሸከማትም፣ ደካማ ብትሆን ውሃው ስትመታ ትሰበራለች። ሞተር፣ ምሰሶና ሸራ ተሟልቶላት፣ ብትገለበጥ በራሷ የምትቃና ሆና፣ 770 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ትመዝን ነበር። ሸራ ነክተው ለማያውቁ አብራሪዎችም የአነዳድ መመሪያ ተቀምጦላት ነበር። ከ1943 ጀምሮ ሥራ ላይ ውላ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አተረፈች።

ከጦርነቱ በኋላ የልምዱ ጉዞ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከአውሮፕላን የተገኘው ጥበብ ወደ ትንሿ ጀልባ መጣ። ፌሪ የተባለው የአውሮፕላን ድርጅት የፎክስን ባለ 12 ጫማ «ፋየርፍላይ» ከ1946 ጀምሮ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በማጣበቂያ ደራርቦ፣ በሙቀትና በግፊት እያጋገረ በብዛት ይሠራ ጀመር። በ1948ቱ ኦሊምፒክ አንድ ሰው ብቻውን በሚነዳት ጀልባ የተደረገው ውድድር በዚህች ጀልባ ነበር። በ1947 የነደፋት «ፍላይንግ ፊፍቲን» ደግሞ ከሥሯ የብረት ክብደት ያላት ሆና ሳለ በውሃ ላይ የምትንሸራተት፣ በተሳቢም የምትጓጓዝ ናት፤ እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ትወዳደራለች።

በዕድሜው መጨረሻ ላይ የጦርነት ጊዜው ትምህርት አንድ ጊዜ እንደገና ተፈተነ። ጆን ፌርፋክስ በ1969 አትላንቲክን ብቻውን በመቅዘፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋርጥ፣ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ፍሎሪዳ 180 ቀን የተሸከመችው «ብሪታኒያ» ብትገለበጥ በራሷ እንድትቃና ሆና በፎክስ የተነደፈች ነበረች። ፎክስ በ1972 አረፈ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለሙያው ባልደረቦች የሚተወው ትርጉም ቀላልነትን መውደድ ብቻ አይደለም። በአንድ ዕቃ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ መልስ ያላገኘው መውጣት አለበት፤ የቀረው ግን እውነተኛ ጭነት ላይ መፈተን አለበት። ፎክስ ይህን ጥያቄ ለዓመታት በጨዋታ ጀልባ ላይ ባይጠይቅ ኖሮ፣ የሰው ነፍስ በተንጠለጠለበት ሰዓት መልሱ በእጁ ላይ ባልተገኘ ነበር።