ወይዘሪት ካትሪን ስፔንስና የድምፅ አቆጣጠር ነገር

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ባቱን ጥቂት እንዳለፈ አዳሚ ቱሉ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ስሟ በኦሮምኛ ከቁልቋልና ከኮረብታ የተሠራ ነው። በከተማይቱና በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው ልዩ ልዩ ነው፤ ከብት አርቢ አለ፣ በቆሎና ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ አለ፣ ከደንበል ሐይቅ ዓሣ የሚያወጣ አለ፣ የመንገድ ዳር ነጋዴና የፀረ ተባይ ፋብሪካ ሠራተኛም አለ።

ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ነገር እናስብ። እንዲህ ባለች ከተማ 900 መራጮች 9 አባላት ላሉት ምክር ቤት ድምፅ ሊሰጡ ወጡ እንበል። እያንዳንዱ መራጭ 9 ሰው እንዲመርጥ ተፈቅዶለታል። 460ዎቹ በአንድ ሐሳብ ተባብረው ቢመጡ ዘጠኙንም ወንበር ይወስዳሉ፤ 440ዎቹ አንድ ሰው እንኳ ሳያስገቡ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ኮሮጆ አልተሰረቀም፤ ቆጣሪም አልዋሸም። ጉድለቱ ያለው በአቆጣጠሩ ደንብ ውስጥ ነው። ይህን ጉድለት ለማቃናት ዕድሜያቸውን የሰጡ አንዲት ሴት ስለ ነበሩ ታሪካቸውን ለጓደኞቻችን ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን።

ካትሪን ሔለን ስፔንስ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1825 በስኮትላንድ፣ ሜልሮዝ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሳቸው ታሪክ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ዴቪድ ስፔንስ የሕግ ዐዋቂ ነበሩ፤ ነገር ግን በስንዴ ንግድ ገንዘባቸውን አጥተው ከሰሩ። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በ1839 አገሩን ለቆ ወደ ደቡብ አውስትራልያ ተሰደደ። የደረሱትም ካትሪን 14 ዓመት በሞላቸው ቀን ነበር።

በተከታዩ ዓመት በ1840 የአደሌድ ከተማ የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት መረጠች። አባላቱ 19 ነበሩ። የምርጫው ደንብ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር፤ ቍጥራቸው የበቃ መራጮች በአንድነት ቆመው የፈለጉትን ሰው ያለ ተወዳዳሪ ማስገባት ይችሉ ነበር። ይህን ሐሳብ ያመጡት በኋላ በፖስታ ቴምብር ስማቸው የታወቀው ሮላንድ ሒል ናቸው፤ እሳቸውም ያገኙት ከአባታቸው ከመምህር ቶማስ ራይት ሒል ነበር። መምህሩ በ1821 በርሚንግሃም ውስጥ ለአንድ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ማኅበር ኮሚቴ ምርጫ እንዲህ ያለ ደንብ አውጥተው ነበር። በታሪክ እስከሚታወቀው ድረስ ለሕዝብ ምክር ቤት በተመጣጣኝ ውክልና የተደረገ የመጀመሪያ ምርጫ የአደሌዱ ነው። የዚያ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆነው የተቀጠሩትም ዴቪድ ስፔንስ ነበሩ። እንግዲህ ልጃቸው በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት የደከሙለት ሐሳብ በልጅነታቸው አባታቸው ይሠሩበት በነበረው ቢሮ ዐልፎ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገንዘብ እጦት ፈረሰ፤ ደንቡም ተረሳ።

ወይዘሪት ስፔንስ ኑሯቸውን በማስተማር ጀመሩ፤ በ1854 ክላራ ሞሪሰን የተባለውን ልብ ወለዳቸውን አሳተሙ። በ1859 ጆን ስቱዋርት ሚል ስለ ቶማስ ሔር መጽሐፍ የጻፉትን ሲያነቡ ያ የተረሳ ሐሳብ ተሻሽሎ እንደ ገና ተገለጠላቸው። የሔር ዘዴ እንዲህ ነው፤ መራጩ የሚወዳቸውን ሰዎች በተራ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጽፋል። በምሳሌያችን 900 ሰው 9 ወንበር ስለሚመርጥ 100 ድምፅ ያገኘ ሁሉ ይገባል። የመጀመሪያው ምርጫ ከ100 በላይ ካገኘ ትርፉ፣ ጥቂት አግኝቶ ከወደቀ ደግሞ ድምፁ ሁሉ ወደ ተከታዩ ስም ይዛወራል። በዚህ መንገድ 460ዎቹ 5 ወንበር፣ 440ዎቹ 4 ወንበር ያገኛሉ። 100 ዓሣ አጥማጆች ቢተባበሩም አንድ ሰው አይታጣላቸውም።

በ1861 ስለዚሁ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፉ፤ ወንድማቸው ጆን የማሳተሚያውን ገንዘብ ከፈሉ። በ1865 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ከሚልና ከሔር ጋር ተገናኙ። ሐሳባቸው ግን በትውልድ ሰፈራቸውም ሆነ በአደሌድ ቶሎ ሰሚ አላገኘም። በመካከሉ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ባል ሳያገቡ ወላጅ የሞተባቸውን የዘመድና የወዳጅ ልጆች አሳደጉ፤ ከ1872 ጀምሮም ችግረኛ ልጆች ከድኾች መጠለያ ወጥተው በቤተ ሰብ ውስጥ እንዲያድጉ በሚደክም ማኅበር ሠሩ።

ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ያላቸው አቋም አንዳንዶቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። የድምፅ አቆጣጠሩ ካልተቃና መራጭ ማብዛቱ ብቻውን አይበቃም ብለው ያምኑ ስለ ነበር ወደዚያ ትግል የገቡት ዘግይተው በ1891 ነው። ደቡብ አውስትራልያ በ1894 ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠች። በ1897 ለፌዴራል ጉባኤ 10 ሰዎች ሲመረጡ ወይዘሪት ስፔንስ በ71 ዓመታቸው ቀረቡ፤ በአውስትራልያም ለፖለቲካ ምርጫ የቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሴት በጉባኤው ልትቀመጥ አትችልም የሚል ጥርጣሬም ተነሣባቸው። ከ33 ተወዳዳሪዎች 22ኛ ወጡ። በዚያው ዓመት ታዝማኒያ በሁለት ከተሞቿ የሔርን ዘዴ ሞከረች፤ የራሳቸው ክፍለ ሀገር ግን አልተቀበለችውም። ወይዘሪት ስፔንስ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ሳይጨርሱ ኤፕሪል 3 ቀን 1910 ዐረፉ። ዛሬ የደቡብ አውስትራልያ ማዘጋጃ ቤቶች አባሎቻቸውን በተመጣጣኝ ውክልና ይመርጣሉ።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምክር ቤት ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን ያዙ። አሸናፊዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ደንቡ ግን አንድ ነው፤ በምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል። ከተሸናፊው ጋር የቆመው ሕዝብ በሁለቱም ጊዜ ድምፁ ከወንበር አልደረሰም። በሸንጎ ውስጥ የሚናገርለት ያጣ ሰው ቅሬታውን ወዴት ይወስዳል? በሁለቱም ወገን ያለን ሁሉ ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ተመጣጣኝ ውክልና ያለ ዋጋ አይገኝም። ቆጠራው ይረዝማል፤ ምክር ቤቱ በብዙ ወገን ተከፋፍሎ ከውሳኔ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህም ነው ከትልቁ ፓርላማ በፊት ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት፣ ጉዳዩም ውኃና መንገድ በሆነበት በአዳሚ ቱሉ ዓይነት ከተማ ምክር ቤት መሞከር ይሻላል የምንለው።

ከዚያም በፊት የሚቀርብ ስፍራ አለ። ዘዴው በበርሚንግሃም የተጀመረው በአንድ መምህር እጅ፣ ለአንድ የንባብና የምርምር ማኅበር ኮሚቴ ነው። የእኛም ማኅበር እንዲሁ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ብዙ ተማሪ ያለው ክፍል ሁሉንም ሲወስድ ጥቂት ተማሪ ያለው ዝም ይላል። የሚያስፈልገን ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። በሚመጣው ምርጫችን እንሞክረው።