ማትሪክ ያልነበረው ፕሮፌሰር



ከመካከላችን ደረቱን ራጅ ሳይነሳ ከሀገሩ የወጣ ሰው ብዙ አይመስለኝም። በዲቪ ወደ አሜሪካ የመጣውም፣ ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገር የተሻገረውም ደረቱን ከሰሌዳው አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሳንባው ታይቶለት ነው ያለፈው። ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ታቅፈን አውሮፕላን የምንሳፈርበት ዘመንም ሩቅ አልነበረም። ይህን ነገር ለዓለም የሰጠው ሰው ግን ራሱ በልጅነቱ ከሀገሩ የወጣ፣ በወረቀት ምክንያት በር የተዘጋበት ሰው እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የተማርኩትም በሰው ሀገር ነው። ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስለዚህ ሰው ሳነብ ታሪኩ ለኛ ኑሮ ቅርብ መሆኑ ገረመኝና ላካፍላችሁ ወደድኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በ1845 ሌኔፕ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እናቱ ሆላንዳዊት። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ሄደ፤ የፕረሻ ዜግነቱንም በዚያው አጣ። ሮንትገን ኡትሬክት ከተማ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር፣ አንድ ተማሪ በመምህሩ ላይ ለማሾፍ ሥዕል ይስላል። ጣጣው በሮንትገን ላይ ወደቀ። የሳለውን ልጅ ስም ለመስጠት እምቢ በማለቱ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በዚህ የተነሳ እኛ ማትሪክ የምንለውን፣ የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፍተውን ወረቀት ሳያገኝ ቀረ።

ዙሪክ የነበረው ፖሊቴክኒክ ግን ወረቀቱ የሌላቸውንም በችሎታቸው መዝኖ ይቀበል ነበር። ሮንትገን በ1865 ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ፤ በ1868 በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ፤ በዓመቱም ዶክትሬቱን ያዘ። እዚያው አውጉስት ኩንት የተባለ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሥራውን አይቶ ረዳቱ አደረገው። በ1870 ኩንት ወደ ጀርመን፣ ወደ ቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወርም ይዞት ሄደ። ያቺ ወረቀት ግን እዚያም ተከትላው መጣች። ዶክተር ሆኖ ሳለ ማትሪክ ስለሌለው ብቻ የመምህርነት መብት ተከለከለ። ኩንት ቀጥሎ ወደ ስትራስቡርግ ሲሄድ ሮንትገንም አብሮት ሄደ፤ መብቱን ያገኘው በ1874 በዚያ ነው። ጊዜ ደጉ፣ በ1888 ያው ቩርዝቡርግ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው፤ በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነ።

በዚያን ዘመን የፊዚክስ ሰዎች አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ እየለቀቁ የሚሆነውን ያጠኑ ነበር። ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ዓርብ ምሽት፣ ሮንትገን ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ክፍሉን አጨለመ። ኤሌክትሪኩን ሲለቅ፣ ከቱቦው ራቅ ብሎ የነበረ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲበራ አየ። ብርሃን በካርቶኑ አያልፍም፤ ይታወቅ የነበረው የካቶድ ጨረርም በአየር ውስጥ ያን ያህል ርቀት አይሄድም። እንግዲህ ሌላ፣ ስም የሌለው ነገር አለ ማለት ነው።

መሐንዲስነቱ የታየኝ ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ወደ ጋዜጣ አልሮጠም። ለሰባት ሳምንት ያህል ላቦራቶሪው ውስጥ ከትቶ፣ እንጨት፣ አሉሚኒየም፣ ሺህ ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ፣ እርሳስ የተባለውን ብረት ሳይቀር በየተራ በጨረሩ መንገድ ላይ አኖረ፤ የትኛው ያሳልፋል፣ የትኛው ያግዳል የሚለውን መዘገበ። የገዛ እጁን አጥንትም በጥላ መልክ አየ። ዲሴምበር 22 የባለቤቱን የአና በርታን እጅ በፎቶ ሰሌዳ ላይ አነሳ፤ አጥንቷና ቀለበቷ ወጡ። ዲሴምበር 28 ጽሑፉን ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር ሰጠ። በጃንዋሪ 1896 ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

ለሕክምና ደግሞ ደረት ለዚህ ጨረር የተዘጋጀ ቦታ ይመስላል። ሳንባ አየር ስለሆነ ጨረሩን ያሳልፋል፤ ፊልሙ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ልብ ደምና ጡንቻ ስለሆነ ያግዳል፤ ነጥቶ ይወጣል። ሐኪሙ የልቡን ስፋት ከደረቱ ስፋት ጋር ያስተያያል፤ በአዋቂ ሰው ከግማሽ ካለፈ ልቡ አብጦ እንደሆነ ይጠረጥራል። ሳንባው ላይ ነጭ ጥላ ካየ የሳንባ ምች ነው ወይስ ነቀርሳ ብሎ ይመረምራል። ቦስተን ውስጥ ፍራንሲስ ዊሊያምስ የተባለ ሐኪም በ1896 የሕሙማንን ደረት በዚሁ ጨረር ማየት ጀመረ። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር እስከ ልቡ ሰድዶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ አስነሳው። ማስረጃው ያ የደረት ፊልም ነበር፤ በ1956 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የልብን ደም ሥር በሲቲ ስካን የሚያነብ ራዲዮሎጂስትም የሚሠራው በዚያው ጨረር ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ጉዳቱ ቶሎ ስላልታወቀ ከመጀመሪያዎቹ የራጅ ባለሙያዎች ብዙዎች ጣታቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ሮንትገን ግን በጨረሩ ሊከብር ሲችል የፈጠራ መብት አላስመዘገበም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ይጠቀምበት ብሎ ተወው። ጨረሩን በስሙ ይጥሩት ሲባል እሱ ኤክስ ማለቱን መረጠ። የመኳንንት ማዕረግም ቀርቦለት አልተቀበለም። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሲሰጠው ገንዘቡን ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ አበረከተ። አዎን፣ ያኔ በማትሪክ ምክንያት ለከለከለው ለዚያው ዩኒቨርሲቲ! በ1919 አና በርታ አረፈች። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የዋጋ ንረት ቁጠባውን በላው። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 ሙኒክ ውስጥ በአንጀት ካንሰር ሲሞት ሀብታም አልነበረም።

በበኩሌ የፈጠራ መብት ማስመዝገብ ኃጢአት ነው አልልም፤ እኔም የምበላው ከምህንድስና ነው። ከዚህ ሰው ሕይወት አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ኩንት ነው። በመካከላችን ዲግሪያቸው አልታወቅ ብሎ ታክሲ የሚነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሞልተዋል። ወረቀት የጎደለው ሁሉ ሮንትገን ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪም ሳይፈተን ያክም አልልም፤ ዙሪክም ቢሆን መዝኖ ነው የተቀበለው። ግን መዘነው፤ ሳያየው አልመለሰውም። አሁን ብዙዎቻችን አርባውን አልፈን አመልካች የምንጠይቀው፣ የማመልከቻ ወረቀት ከወዲህና ከወዲያ የምንለየው እኛው ሆነናል። ከተጣለው ክምር ውስጥ አንዱን አንስቶ ይህስ ምን ይችላል ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ኩንት ያንን ባያደርግ ኖሮ ጨረሩ በሌላ ሰው እጅ መገኘቱ ባይቀርም፣ ያን ሰው ግን ባላወቅነው ነበር።

ቸር ይግጠመን።