ክብን በትክክል የከፈሉት ባለሙያ ጄሲ ራምስደን

በሚሽከረከሩ የማሽን ክፍሎች ላይ የሚፈጠረውን ጥቃቅን ስህተት በመለካትና በመቀነስ ስማቸው ከሚነሳ ቀደምት ባለሙያዎች መካከል እንግሊዛዊው ጄሲ ራምስደን ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1735 በዮርክሻየር ግዛት ሃሊፋክስ አቅራቢያ የተወለዱት ራምስደን፣ በመጀመሪያ የተሰማሩት በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ነበር። ወደ ለንደን ካቀኑ በኋላ በመለኪያ መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ሙያውን ተምረው የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። የታዋቂውን የመነፅር ባለሙያ የጆን ዶሎንድን ልጅም አገቡ።

በወቅቱ የመርከብ አዛዦች ያሉበትን ኬንትሮስ የሚያሰሉት በጨረቃና በከዋክብት መካከል ያለውን ማዕዘን በሴክስታንት በመለካት ነበር። በዚህ ልኬት የአንድ ደቂቃ ማዕዘን ስህተት በምድር ወገብ አካባቢ መርከቧን ወደ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳስታል። የሴክስታንቱ ቅስት የሚከፋፈለው ግን በእጅ በመሆኑ ሥራው አዝጋሚና ውድ፣ ጥራቱም በሠሪው እጅ የተወሰነ ነበር።

ራምስደን በ1770ዎቹ አጋማሽ ያጠናቀቁት ሁለተኛው የመከፋፈያ ማሽን ይህን ችግር ለመፍታት ያስቻለ ነው። የማሽኑ ዋና ክፍል 114 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፣ በዙሪያው 2 ሺህ 160 ጥርሶች ተቀርፀውለታል። ከጥርሶቹ ጋር የተያያዘው ብሎን አንድ ጊዜ ሲዞር ክቡ በ10 ደቂቃ ማዕዘን ብቻ ይንቀሳቀሳል። የብሎኑ መዞሪያ ደግሞ በ60 ስለተከፈለ እስከ 10 ሰከንድ ማዕዘን ድረስ ማስተካከል ይቻላል።

የእንግሊዝ መንግሥት የኬንትሮስ ቦርድ ለፈጠራው 300 ፓውንድ፣ ማሽኑን የራሱ ንብረት ለማድረግ ደግሞ 315 ፓውንድ ከፍሏል። ክፍያው ግን ያለ ግዴታ አልነበረም። ራምስደን እስከ 10 ለሚደርሱ ሌሎች ሠሪዎች አሠራሩን እንዲያስተምሩና የተፎካካሪዎቻቸውን ሴክስታንት በ6 ሽልንግ እንዲከፋፍሉ ተስማሙ። ዝርዝር አሠራሩም በ1777 ታትሞ ለሕዝብ ቀረበ። በዚህም በአንድ ወርክሾፕ ተሰውሮ ሊቀር ይችል የነበረው ዕውቀት ለሌሎች ሊደርስ በቅቷል።

አንድ ክብ በትክክል ቢከፋፈልም የክቡ መሃልና የሚዞርበት ዘንግ መሃል ካልገጠሙ ንባቡ መዛባቱ አይቀርም። ራምስደን በትላልቅ መሣሪያዎቻቸው ላይ ማይክሮስኮፖችን በክቡ ተቃራኒ ጎኖች ተክለዋል። በአንዱ በኩል የሚጨምረው ስህተት በሌላው በኩል በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ የሁለቱ ንባብ አማካይ ከዚህ ስህተት የጸዳ ይሆናል። በ1789 ለፓሌርሞ የሥነ ፈለክ ማዕከል የተጠናቀቀው ክብ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ጁዜፔ ፒያዚ በ1801 ሴሬስን ያገኙት በዚሁ መሣሪያ ሲሠሩ ነው።

ባለሙያው በጥራት የተመሰገኑትን ያህል በመዘግየት ተወቅሰዋል። ጄኔራል ዊልያም ሮይ የለንደንና የፓሪስን የሥነ ፈለክ ማዕከላት ለሚያገናኘው ቅየሳ ያዘዙትን ታላቅ ቲዮዶላይት እስከ 1787 ድረስ ለሦስት ዓመታት ጠብቀዋል፤ ቅሬታቸውንም በሮያል ሶሳይቲ ፊት በይፋ አሰምተዋል። ለደብሊን አቅራቢያው ዳንሲንክ የታዘዘው ክብ ደግሞ የደረሰው ራምስደን ካረፉ ከዓመታት በኋላ በ1808 ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ያልረኩበትን ሥራ አፍርሰው እንደገና የመጀመር ልማዳቸው ነው።

በ1786 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው የተመረጡት ራምስደን፣ በ1795 የኮፕሌይ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። በኅዳር ወር 1800 በብራይተን ከተማ አረፉ። የመከፋፈያ ማሽናቸው በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ተቋም ተጠብቆ ይገኛል።