ሳትታመም 26 ዓመት የተገለለችው ምግብ አብሳይ

ታይፎይድን የማያውቅ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ትኩሳት ይዞን፣ ራሳችንን ፈልጦን ክሊኒክ ስንሄድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የምንሰማው ስም እሱ ነው። ከበሽታው ስም ጋር ስሟ ተጣብቆ የቀረው ሴት ታሪክ ግን እዚህ እኛ ጋ ብዙም አይወራም።

ሜሪ ማሎን ትባላለች። በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ሰሜን አየርላንድ፣ ኩክስታውን ውስጥ ተወለደች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ አሜሪካ ተሰደደችና ኒውዮርክ ገባች። እንደ ብዙዎቹ የአየርላንድ ድሃ ልጆች ያገኘችው ሥራ በሀብታም ቤት መቀጠር ነበር። ለቤት ሥራ ዓረብ አገር የሄደች እህት ወይም አክስት ያላችሁ ሰዎች ይህን ኑሮ እኔ ላስረዳችሁ አልችልም። ሜሪ ግን እጇ ጥሩ ነበርና ምግብ አብሳይ ሆነች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ስደተኛ ሴት ከዚህ የተሻለ ደመወዝና ክብር ያለው ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ያላት ሀብት ይሄ ሙያ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1906 ክረምት (የእነሱ በጋ ማለት ነው) አንድ የባንክ ባለሀብት ሎንግ አይላንድ ውስጥ ኦይስተር ቤይ በሚባል መዝናኛ ስፍራ ቤት ተከራየ። በቤቱ ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ወደቁ። የቤቱ ባለቤት ከእንግዲህ ተከራይ አላገኝም ብሎ ስለፈራ ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽህና ጉዳይ መሐንዲስ ቀጠረ። ሶፐር ምክንያቱን ሲፈልግ ቆይቶ በመጨረሻ በሽታው ከገባ በኋላ ጥላ የሄደችው ምግብ አብሳይ ላይ ደረሰ። የሠራችው ወጥና ጥብስ አልነበረም ያስጠረጠራት፤ እሳት ተህዋሲውን ይገድለዋል። ጥሬ ኮክ እየከተፈች የምታቀርበው አይስክሬም ነው። ሶፐር የቀድሞ አሠሪዎቿን እየተከተለ ሲያጣራ፣ ካገኛቸው 8 ቤተሰቦች በ7ቱ ውስጥ ታይፎይድ ገብቶ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳን በዚህ በሽታ ታምሜ አላውቅም ባይ ናት።

ሰው ሳይታመም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል የሚለው ሐሳብ ያኔ ለሐኪሞችም አዲስ ነበር። እና እስቲ አስቡት፤ ሥራ ቦታችሁ ላይ አንድ የማታውቁት ሰውዬ መጥቶ ሰው እያሳመማችሁ ነው፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድርና ደም ስጡኝ ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ሜሪ የሥጋ ሹካ አንስታ አባረረችው። እውነት ለመናገር እኔም አልፈርድባትም።

መጋቢት 1907 የከተማው ጤና ቢሮ ዶክተር ጆሴፊን ቤከርን ከፖሊሶች ጋር ላከ። ቤከር አባቷን በታይፎይድ ያጣች ሐኪም ነበረች። ሜሪ ለሰዓታት ተደብቃ ከቆየች በኋላ ተገኘች። እየታገለች አምቡላንስ ውስጥ ስትገባ ዶክተሯ መንገዱን ሙሉ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ሆስፒታል አደረሰቻት። ምርመራው ተህዋሲው እንዳለባት አሳየ። ከዚያ ወንዝ መሐል ወዳለች ኖርዝ ብራዘር የተባለች ደሴት ተወስዳ አንዲት ትንሽ ቤት ተሰጣት። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም፣ የሚያበቃበት ቀንም የለም። በኮሮና ጊዜ ለይቶ ማቆያ ገብታችሁ 14 ቀን ዓመት የሆነባችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል።

ከተወሰዱባት 163 ናሙናዎች 120ዎቹ ተህዋሲው ተገኘባቸው። እሷ ደግሞ በራሷ መንገድ ወደ ግል ላቦራቶሪ የላከችው ነጻ ነሽ የሚል ውጤት ይዞ መጣ። ታዲያ ማንን ትመን? ሐኪሞቹ ሐሞት ከረጢትሽን እናውጣው አሏት፣ እንቢ አለች፤ ቀዶ ሕክምና ያኔ ራሱ የሚገድል ነገር ነበር። በ1909 ጠበቃዋ ይዟት ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ዳኛው አልለቅም አለ። በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጣ የሰው ራስ ቅል እንደ እንቁላል መጥበሻ ላይ ስትሰብር አድርጎ ሳላት። ታይፎይድ ሜሪ የሚለው ቅጽል ከላይዋ አልወርድ አለ።

በየካቲት 1910 አዲስ የጤና ኃላፊ መጣና ምግብ ላታበስል ቃል አስገብቶ ለቀቃት። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ከተማው የጠየቃት ነገር ትክክል ነው፤ የሌሎች ሕይወት አለበት። ግን ለሁሉም ደህንነት ሲባል ሙያዋን ስታጣ በምትኩ ያገኘችው የልብስ አጠባ ሥራ ነው፤ ክፍያው ምግብ አብሳይ ሳለች ከምታገኘው በብዙ ያንሳል። ዕዳው የጋራ ሆኖ ከፋዩ አንድ ሰው ብቻ።

ለተወሰነ ጊዜ ቻለችው። ቀጥሎ ከቢሮው ዓይን ተሰወረች። በ1915 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል 25 ሰዎች በታይፎይድ ታመሙ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ነበሩ። ሁለቱ ሞቱ። ኩሽና ውስጥ የተገኘችው ምግብ አብሳይ ሜሪ ብራውን ትባል ነበር፤ ሜሪ ማሎን ናት። እዚህ ጋ ልከራከርላት አልችልም። አላምንም ማለት መብቷ ነው፤ ስም ቀይሮ፣ ቃል አጥፎ፣ ያውም አራስ ሴቶች የሚተኙበት ቤት ገብቶ ማብሰል ግን ሌላ ነው። ቢያንስ ምናልባት እውነታቸው ቢሆንስ ብላ መጠርጠር ነበረባት።

ወደ ደሴቷ መለሷት፤ እስክትሞት 23 ዓመት እዚያው ኖረች። ከጊዜ በኋላ በደሴቷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ተሰጣት፤ ተህዋሲ የሚመረመርበት ክፍል መሆኑ ይገርማል። አልፎ አልፎ ለቀን ወደ ከተማ ወጥታ እንድትመለስም ተፈቀደላት።

በዚያ መሐል፣ በ1924፣ ተህዋሲው ያለበት አንድ የዳቦ ቤትና የምግብ ቤት ባለቤት ከክልከላው ውጪ ምግብ ሲያዘጋጅ ተይዞ ዳኛ ፊት ቀረበ። ሥራዬን በስልክ አካሂዳለሁ ብሎ ቃል ገባና ቤቱ ሄደ። ሜሪ በሞተች ጊዜ ኒውዮርክ ከ400 በላይ እንደ እሷ ያሉ ጤነኛ ተሸካሚዎችን መዝግባ ነበር፤ እንደ እሷ ዕድሜ ልኩን ደሴት ላይ የቀረ አልነበረም። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ የሚናገርላቸው ቤተሰብ ወይም የራሳቸው ንግድ ነበራቸው። እሷ ሁለቱም የላትም፤ በዚያ ላይ ሹካ ታነሳለች።

በ1932 ስትሮክ መታትና ከአልጋ ቀረች። ኅዳር 11 ቀን 1938 በ69 ዓመቷ አረፈች። ብሮንክስ ውስጥ በተደረገው ጸሎተ ፍትሐት ላይ የተገኙት ሰዎች 9 ነበሩ።