በካሜራ ፊት ያለፈ ልጅነት፦ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ

ሲኒማ በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ለተመልካች በክፍያ ከመቅረቡ ሃያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ አንድ የደብረ ታቦር ተወላጅ ሕፃን በእንግሊዝ አገር በካሜራ ፊት እየተቀመጠ፣ ምስሉም በየሰዉ እጅ እየገባ ስመ ጥር ሆኖ ነበር።

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከደጃዝማች ውቤ ልጅ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ተወለደ። በከተማዋ አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ባለ እጆች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥፍራ ሥራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሰባተኛ ዓመቱን ለመድፈን አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱም በግንቦት፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጓዝ ላይ ሳሉ፣ በጨለቆት አጠገብ ዐረፉ።

ከናፒየር ጦር ጋር የመጡት መሐንዲሶች ካርታና ንድፍ የሚያባዙበትን የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። አባትየው በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ የልጁ ግን ብዙ ነው። አማርኛ የሚያውቀው ሻምበል ስፒዲ ሞግዚት ሆኖ ወደ እንግሊዝ ወሰደው። በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በዋይት ደሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበሉት፤ በዚያው ደሴት ስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው።

የዘመኑ አሠራር ቀላል አልነበረም። መስተዋቱ ኮሎዲዮን ተቀብቶ፣ በብር ጨው ውስጥ ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው መግባት ነበረበት። ካሜሮን ምስል ስታነሣ ተነሺው ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ ነበር። ወላጆቹን ባጣ በሦስት ወር ውስጥ ከሰባት ዓመት ሕፃን የተፈለገው ይህ ነው። ስፒዲም ራሱ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ከጎኑ ተነሣ። ቆየት ብሎ ልጁ የእንግሊዝ ልብስ ለብሶ ታየ። ሚናውን የሚመርጡለት ሌሎች ነበሩ፤ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ከስፒዲ ጋር ጥቂት ዓመታት በሕንድ ከቆየ በኋላ መንግሥት ከሚወደው ሞግዚቱ ለይቶ በቼልተናም፣ ቀጥሎም በራግቢ አስተማረው። ከዚያ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተስማማውምና ትቶት ወጣ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በሊድስ ከተማ አጠገብ፣ በሳንባ ሕመም ዐረፈ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ጠየቀች። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን እንዳልተቀበለ ታወቀ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ የቆየ የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ። መስተዋቱ የቀረጸውን ፊት ዛሬ ማንም በመጻሕፍት ሊያየው ይችላል፤ ዐፅሙ ግን እስካሁን ከደብረ ታቦር ርቆ በባዕድ አፈር ይገኛል።